ወደ ሰፊው መጋዘን ልንገባ ነው፤ ከመጫናችን በፊት ምከሩኝ

ስቶር_ኪፐር

ሰላም ወገኖች። የመስታወት ማጽጃ እቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። የመስታወት መጥረጊያ ላስቲክ፣ እጀታ፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ረጃጅም ዘንግ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ መስታወት አጽጂ የሚያስፈልገው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል።

አሁን ያለንበት መጋዘን ሞልቶ ፈሷል። ሁለት ሰው መተላለፊያ ላይ ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ካርቶን ለማውጣት አራት ካርቶን ማንሳት ግድ ነው። በቅርቡ አንድ ደንበኛ አንድ ደርዘን የ45 ሳንቲሜትር ላስቲክ አዘዘ። ሲስተሙ «የለም» አለ፣ እኛም «አልቋል» ብለን መለስነው። ከሦስት ቀን በኋላ ባልዲዎቹን ስናነሳ ከኋላቸው አንድ ሙሉ ካርቶን ተገኘ። ሰውዬው ሥራውን በአሮጌ ላስቲክ ነው የጨረሰው። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ትልቅ መጋዘን ተገኝቷል። ስፋቱ የዚህ ሦስት እጥፍ ነው፣ ጣሪያው 9 ሜትር። የፓሌት (እቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) መደርደሪያ ተተክሏል፣ የመጫኛ በሮች አሉት፣ በእጅ የሚያዝ የባርኮድ ማንበቢያም ይመጣል። ስድስት ሳምንት ነው የቀረን፤ ማዛወሩም በአብዛኛው እኔ ላይ ወድቋል። ደስ ብሎኛል። ግን የአሁኑን ዝርክርክ ይዤ ሰፊ ቤት መግባት አልፈልግም። ምን ይቅደም? ቁጥር እንዴት ይሰጥ? የትኛው እቃ የት ቢቀመጥ ይበላሻል? ያለፋችሁበትን ንገሩኝ።

ቢን_ካርድ

እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ በሌላ ዘርፍ ነኝ፣ ግን ሁለት ጊዜ መጋዘን አዛውሬያለሁ። የመጀመሪያው ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ። ቦታው ሰፊ ስለነበር ባዶ ያየንበት ሁሉ አስቀመጥን። ሁለት ወር ሳይሞላ የድሮው መጋዘን በትልቁ ተመልሶ መጣ። እንዲያውም ባሰ፤ ፍለጋው አሁን በሦስት እጥፍ ቦታ ላይ ሆነ።

አንድም ካርቶን ከመግባቱ በፊት መደርደሪያው ሁሉ አድራሻ ይኑረው። መተላለፊያው በፊደል፣ ዓምዱ በቁጥር፣ ቀጥሎ ከወለል ስንተኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ከዚያ ቦታው። «ለ-07-2-3» ከተባለ ትናንት የተቀጠረ ልጅም ማንንም ሳይጠይቅ ይደርሳል። ፊደል ስትመርጡ ተጠንቀቁ። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ሲነገሩ አንድ ናቸው። ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ ሆኖ የሚጮኽ ሰው የትኛውን እንዳለ አይታወቅም። እኛ ጋ በዚህ ምክንያት ብቻ አንድ ሙሉ ፓሌት ለአንድ ወር ጠፍቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ እግር ቆጥቡ። ትዕዛዝ የሚያወጣ ሰው ግማሽ ያህሉን ጊዜ የሚጨርሰው በመራመድ ነው። በየቀኑ የሚወጣው እቃ ከማሸጊያ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ከጉልበት እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ ይሁን። በዓመት ሁለቴ የሚጠየቀው ላይ ይውጣ። የዓመቱን የወጪ ዝርዝር አውጣና ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድረው። ጥቂት ዓይነት እቃ አብዛኛውን ትዕዛዝ ተሸክሞ ታገኘዋለህ።

ሦስተኛ፣ የማይንቀሳቀስ እቃ አታጓጉዝ። ሁለት ዓመት ያልተነካ ካርቶን አሁኑኑ ይወሰንበት። ወይ ይሸጥ፣ ወይ ይመለስ፣ ወይ ይወገድ። ጫኝ አውራጅ ከፍለህ፣ መኪና ከፍለህ፣ አዲስ መደርደሪያ ሰጥተህ የምታኖረው እቃ መሆን የለበትም።

ላስቲክና_ባልዲ

እኔ ገዢው ነኝ። መስታወት ሳጸዳ ነው የምውለው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ላስቲኩን አታጥፉት።

ከሥራው ውጭ ላላችሁ ላስረዳ። መስታወቱን በሳሙና ታጥባለህ፣ ላስቲኩን ከላይ ታሳርፈዋለህ፣ ወደ ታች ትስበዋለህ። ላስቲኩ ጤነኛ ሲሆን ውሃው ከፊቱ እየተገፋ ይወርዳል፣ ከኋላው ደረቅ መስታወት ብቻ ይቀራል። ጫፉ ላይ ፀጉር የማታህል ስንጥቅ ካለች ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጭን የውሃ መስመር ትቀራለች። ፀሐይ ስታርፍባት ከመንገድ ማዶ ትታያለች። ደንበኛው መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው።

ረጅም ላስቲክ በአጭር ካርቶን አጥፎ የሚልክ አከፋፋይ ገጥሞኛል። ታጥፎ የሰነበተ ላስቲክ ቢቃናም መሃሉ ላይ መስታወቱን አይነካም። እዚያ ቦታ ውሃ ጥሎ ያልፋል። አንድ ደርዘን ገዝቼ ሰባቱን ጥያለሁ።

ስለዚያ ስለ 45ቱ ላስቲክ ደግሞ፣ «አልቋል» ብትሉኝ ሌላ ጋ እፈልጋለሁ፣ አልቀየምም። የሚከፋኝ «አለ» ተብዬ፣ ሁለት ቀን ጠብቄ፣ ከዚያ «ይቅርታ አልተገኘም» ስባል ነው። እኔም ለሰው ቃል ገብቻለሁ እኮ።

ጎማ_ጎማ

ላስቲክና_ባልዲ ልክ ነው። የጎማ ማምረቻ ውስጥ ስለሠራሁ በዚህ ላይ ልጨምር።

ለጎማ ምርት አቀማመጥ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ፣ አይኤስኦ 2230 ይባላል። የሚለው በአጭሩ ይኸው ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቢሆን ይመረጣል። የፀሐይ ብርሃን አያግኘው። ሳይወጠር፣ ሳይታጠፍ፣ ሳይጫነው ይቀመጥ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ፤ እሱም ኦዞን የሚባለው ጋዝ ነው። ብልጭታ የሚፈጥር የኤሌክትሪክ ሞተርና ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መሣሪያ ኦዞን ያወጣል። ኦዞን የተፈጥሮ ጎማን ይሰነጥቃል፣ በተለይ የታጠፈውንና የተወጠረውን። ስንጥቁ መጀመሪያ ላይ በዓይን አይታይም። ላስቲኩን በጣት አጠፍ ስታደርገው ነው ጥቃቅን መስመሮቹ ብቅ የሚሉት።

አዲሱ መጋዘን ጣሪያው 9 ሜትር ነው ብለሃል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከወለል ላይ የሚመች ሙቀት ቢኖርም ከቆርቆሮው ሥር እንደዚያ አይሆንም። ላስቲክ ቀላል ነው ብላችሁ ላይኛው ደረጃ እንዳትሰቅሉት። ታች፣ ጨለማ ውስጥ፣ ተዘርግቶ፣ በራሱ ካርቶን ይቀመጥ። ሳጥኑ ላይ የገባበት ቀን በትልቁ ይጻፍ።

ስቶር_ኪፐር

ጎማ_ጎማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን እንዳነበብኩ ፕላኑን አወጣሁ። የፎርክሊፍት ባትሪ መሙያው የተሳለው ከላስቲኩ መተላለፊያ ጀርባ ነው! በመሃላቸው ሁለት ሜትር እንኳ የለም። ነገ ጠዋት ለአለቃዬ አቀርባለሁ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ገና ስላልተዘረጋ ይደርሳል።

ንጹህ_ውሃ

መሙያውን ማራቁ በሌላም በኩል ይጠቅማችኋል። ሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ አየር በደንብ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል።

የመጣሁት ግን ስለ ውሃ ማጣሪያው ነው። በረጅም ዘንግና በንጹህ ውሃ የምንሠራ ሰዎች ሕይወታችን ያለው ሬዚን ላይ ነው፤ ከውሃው ማዕድን የሚለቅሙ ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው። ውሃው መጀመሪያ በካርበን (በከሰል ማጣሪያ) ያልፋል፣ ክሎሪኑ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ሜምብሬኑ፣ ስስ ወንፊት መሰሉ ማጣሪያ፣ አብዛኛውን ማዕድን ያስቀራል። የቀረችውን ሬዚኑ ይለቅማል። ውሃው ውስጥ የቀረውን ማዕድን የሚለካው መለኪያ ዜሮ ሲያሳይ ውሃው መስታወት ላይ ደርቆ ምንም ምልክት አይተውም፣ በጨርቅ መጥረግም አያስፈልግም።

ሬዚን ስስ እቃ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው እርጥብ ሆኖ ነው፣ እርጥብ እንደሆነም መቆየት አለበት። ከረጢቱ ተቀዶ ከደረቀ፣ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ፍሬዎቹ በድንገት አብጠው ይሰነጠቃሉ። በረዶ ቢሠራበትም እንደዚያው ነው። ክፍት ከቆየ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ ሳይሠራበት አቅሙ ያልቃል። እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ የተከፈተ ከረጢት ገዝቼ ነበር። ገና በሁለተኛው ቀን የመለኪያው ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሜምብሬኑን ነው፣ አውጥቼ ለወጥኩት። ጥፋቱ የሬዚኑ ነበር።

ሲጫን የከረጢቱ ጫፍ በፓሌቱ ሚስማር እንዳይቀደድ ከሥር ወፍራም ካርቶን አንጥፉ። ካርቶን ይህን ያህል ሥራ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፈጣን_እጅ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን እኔ በባርኮዱ ነገር አልስማማም። እኛ ጋ ለሃያ ዓመት የሠራ ሰው አለ። «የ35 ናስ እጀታ» ስትለው ዓይኑን ሳያነሳ ይሄድና ይዞ ይመጣል። ማንበቢያ ሲመጣ ያ ሰው በየካርቶኑ እየቆመ «ቲት» ማሰኘት ጀመረ። ሥራው ፈጠነ ሳይሆን ዘገየ። ሰው የሚያውቀውን ለምን በማሽን እናስረሳዋለን?

ቢን_ካርድ

ፈጣን_እጅ፣ ስለ ሰውዬው የምትለው እውነት ነው። ግን እሱ የታመመ ቀንስ? የሚያውቀው የድሮውን መጋዘን እኮ ነው። አዲሱ ቤት ሲገባ ሁሉም እኩል አዲስ ነው። ማንበቢያው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያዘገያል፣ አልክድህም። ከዚያ በኋላ የሚያመጣው ለውጥ ፍጥነት ብቻ እንዳይመስልህ። የ35 እና የ45 ካርቶን ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሰው ሲደክመው ይሳሳታል። ማሽኑ ግን የተሳሳተውን ካርቶን እዚያው መደርደሪያው ሥር ይመልሰዋል፣ ደንበኛው ጋ ሳይደርስ።

ስቶር_ኪፐር

ፈጣን_እጅ ያነሳው ነገር ልቤን ነክቶታል። እኛም ጋ እንደዚያ ያለ ሰው አለ። «ጋሼ» ነው የምንለው። ከድርጅቱ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ሲስተሙ የማያውቀውን ሁሉ እሱ ያውቀዋል። የማዛወሩ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ግን ዝም ብሏል። ቡና ሰዓት ላይ እንኳ ከኛ ጋር መቀመጥ ትቷል። እኔ ደግሞ እስካሁን ስለ መደርደሪያ ብቻ ነው ሳስብ የነበረው።

ላስቲክና_ባልዲ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እሱን አናግረው። ካርቶኑ ይደርሳል።

መሣሪያ_ወዳድ

ጋሼ ብዙ ያየ ሰው ስለሚሆን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የድሮዎቹን ከባድ መጥረጊያዎች አይቷል ወይ?

ስለ ላስቲክ ብዙ ስለተባለ ይህን ላንሳ። ዛሬ የምናውቀው ቀላል መጥረጊያ ባለ አንድ ላስቲክ ሆኖ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የሠራው ወደ አሜሪካ የተሰደደ ጣሊያናዊ መስታወት አጽጂ ነበር፣ ኤቶሬ ስቴኮኔ ይባላል። ከዚያ በፊት «ቺካጎ» የሚባል ከባድ የብረት መጥረጊያ ነበር ሰው የሚጠቀመው። ላስቲኩን ለመለወጥ 12 ብሎን መፍታት ግድ ነበር። ስቴኮኔ ከናስ ቀለል አድርጎ ሠራው፣ ላስቲኩም ያለ ችግር የሚለወጥ ሆነ።

ይህ ከመጋዘን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ላስቲኩ ለብቻው የሚለወጥ ስለሆነ ነው ለብቻው የሚሸጠው። እጀታ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ይቆያል፣ ላስቲክ ግን በየጊዜው ይገዛል። እናንተ ጋም አብዛኛው ትዕዛዝ ላይ ላስቲክ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ብሆን የመጋዘኑን ፕላን ከላስቲኩ ነበር የምጀምረው፣ ሌላውን በዙሪያው እደረድር ነበር።

ማስጠንቀቂያ

ኬሚካሉን ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው።

ከመስታወት ላይ የቆየ የውሃ እድፍ የሚያስለቅቁ አንዳንድ ፈሳሾች ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ አለ። መስታወትን ራሱን የሚበላ ነገር ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል። ውስጥ ገብቶ ነው የሚጎዳው። እንደዚህ ያለ እቃ ካላችሁ ለብቻው በተቆለፈ ቦታ ይሁን፣ የዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚታከምበት የካልሲየም ግሉኮኔት ጄልም አጠገቡ ይኑር። በማዛወሩ ቀን ለጫኞቹ በአፍ ተነግሯቸው፣ ጓንት ተሰጥቷቸው እንጂ «ያንንም አንሱት» ተብሎ መሆን የለበትም።

አሲድና በረኪና አንድ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አልኮል ያለበት ማጽጃ እሳት ይይዛል፣ ከባትሪ መሙያው ይራቅ። ፈሳሽ ሁሉ ታችኛው ደረጃ ላይ ይሁን፣ ከላይ ከፈሰሰ ሥሩ ያለውን ሁሉ ያበላሻል። ከሥሩም የፈሰሰውን የሚይዝ ገንዳ ይቀመጥ። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ገንዳው ቢያንስ ከትልቁ በርሜል 110 በመቶ እንዲይዝ ነው። አንድ ባለ 1000 ሊትር ታንክ ካላችሁ 1100 ሊትር የሚይዝ ማለት ነው።

እሳት ማጥፊያ ውሃ የሚረጨው ቧንቧ ጣሪያው ላይ ካለ ደግሞ ካርቶን እስከ ጣሪያ አትከምሩ። ከመርጫው በታች ቢያንስ 46 ሳንቲሜትር ክፍት ይተው፣ አንዳንዱ ዓይነት 91 ይፈልጋል። ለጫነው ድርጅት ጠይቁት። ሰፊ ቤት የገባ ሰው እስከ ጫፍ መሙላት ስለሚያምረው ነው ይህን የምለው።

ረጅም_ዘንግ

ስለ ዘንጎቹ፦ ካርበን ፋይበር ወደ ርዝመቱ ጠንካራ ነው፣ ከጎን ሲጫኑት ግን ይሰነጠቃል። ባልዲ አትከምሩበት። እጅ መሰል ክንድ ባለው መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይቀመጥ። ፎርክሊፍቱን ከመግዛታችሁ ወይም ከመከራየታችሁ በፊት ረጅሙን ዘንግ ጭናችሁ መተላለፊያው ላይ አዙሩት። በወረቀት ላይ የሚያልፍ ነገር በተግባር ጥግ ላይ ይያዛል።

ስቶር_ኪፐር

ከብዙ ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። ያለፈውን ልንገራችሁ።

ጋሼን አናገርኩት። ደብተርና እስኪብርቶ ይዤ «መጋዘኑን አብረን እንዙረው» አልኩት። መጀመሪያ ላይ «ማሽን መጥቶልሃል፣ እኔን ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። ከዚያ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሄድን። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። የትኛው ካርቶን ላይ የተጻፈው ስም ስህተት እንደሆነ ነገረኝ። የትኛው አቅራቢ 12 ብሎ 11 እንደሚልክ ነገረኝ። ሲስተም ላይ ዜሮ የሆኑ 14 ዓይነት እቃዎች በእጁ አውጥቶ አሳየኝ።

በጣም የጠቀመን ግን ሌላ ነው። ጋሼ የትኛው እቃ ከየትኛው ጋር እንደሚታዘዝ ያውቃል። የ45 ላስቲክ የሚያዝ ሰው የእጀታ መያዣ ብሎን ይጨምራል። የማጠቢያ ጨርቅ የሚወስድ ሰው ሳሙናም ይወስዳል። የእኛ ፕላን ግን እቃውን በዓይነት ነበር የከፋፈለው፣ ብሎኑ ከላስቲኩ ስድስት መተላለፊያ ርቆ ነበር። አሁን ጎን ለጎን ናቸው። ጋሼ የአዲሱ መጋዘን የአድራሻ ኃላፊ ሆኗል። እሱ ሳይፈርም እቃ ቦታ አይቀይርም።

የባትሪ መሙያው ወደ ሌላኛው ግድግዳ ሄዷል። ፊደሎቹንም ስንመርጥ ድምፃቸው የሚመሳሰለውን አስወጥተናል። ከማይንቀሳቀሰው እቃ ሦስት መኪና የሚሞላ ሳናጓጉዝ ቀረን። ማዛወሩን የጀመርነው ቀስ ብሎ በሚወጣው ነው፣ በየቀኑ የሚወጣውን መጨረሻ ላይ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወሰድነው። ሲወጣ ተቆጠረ፣ ሲገባ ተቆጠረ።

ሁሉም አልተሳካም። ሁለት ፓሌት ያለ ምልክት ገብተው አንድ ቀን ሙሉ አንከራተቱን። ሬዚን አንድ ከረጢት ተቀዷል። ንጹህ_ውሃ ያለውን ካርቶን ያላነጠፍንበት ፓሌት ነው፣ ይኸው ዋጋውን ከፈልን።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ትዕዛዝ መጣ። አንድ ደርዘን የ45 ላስቲክ። አዲሷ ልጅ ማንበቢያውን ይዛ ሄደች፣ ለ-03-2-1። ጋሼ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ በዓይኑ ተከተላት። ይዛ ስትመለስ ካርቶኑን ከፍቶ አንዱን ላስቲክ አወጣ፣ በጣቱ ጫፉን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፣ መልሶ ዘረጋውና ካርቶኑን «ሂድ» አለው።

ላስቲክና_ባልዲ

ሁለት ደርዘን ልትይዝልኝ ትችላለህ? ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ጋሼንም ሰላም ልለው።

ስቶር_ኪፐር

ይቻላል። በሁለተኛው የመጫኛ በር ግባ። ተዘርግቶ ይጠብቅሃል።